ከደሴቱ ማን ተመለሰ?

ልጄ ካሪቢያን ደሴት ላይ ያለ የሕክምና ትምህርት ቤት እንደተቀበላት የነገረችኝ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከግሮሰሪ ወጥቼ የመኪናዬን ቁልፍ ስፈልግ ነው። «ማሚ፣ አይ ጎት ኢን!» ብላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። እዚህ አሜሪካ ያሉት ትምህርት ቤቶች በተከታታይ ፊት ነስተዋት ነበር። እነዚህ ግን ማመልከቻዋን በላከች ሳይውል ሳያድር እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። እልል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ «ምን አስቸኮላቸው?» የሚል ጥያቄ ነው።

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። ቲማቲም ስገዛ እንኳን ከላይ የተደረደረውን ትቼ ከሥር ያለውን ነው የማገላብጠው። የጥርስ ሐኪም ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ «ምንም አያመኝም» የሚለውን በሽተኛ ከሁሉ አስቀድሜ አስገባዋለሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ሁሉም ልጄን «ዶክተር» ይላት ጀመር። ገና ሻንጣ እንኳን አልገዛችም። አንዷ ቀሚሷን ሰብስባ «ዶክተርዬ፣ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እይልኝ» አለቻት። የማኅበራችን ሴቶች ደግሞ ለመሸኛው ድግስ አዳራሽ ያዙ። እኛ ዘንድ ዶክተር የሚባለው ትምህርቱን የጨረሰ ሳይሆን አውሮፕላን የተሳፈረ ነው። ልጄ ትስቃለች፤ እኔ የመኪናውን በር ከፍቼ ግቢ እላታለሁ።

እዚያው ትምህርት ቤት የገባ አንድ ልጅ ብቻ አውቃለሁ። እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ የማኅበራችን አባል ልጅ ነው። እሱንም ከጥቂት ዓመታት በፊት በድግስ ሸኝተነዋል። ለእናቱ ደወልኩ።

«ዶክተር እንዴት ነው? አሁን የት ሆስፒታል ነው የሚለማመደው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነው። ቢዚ ነው።»

«የትኛው ሆስፒታል?»

«እንግዲህ… ሆስፒታል ነው። ያዟዙሯቸዋል።»

«ልጄ የምትጠይቀው ነገር አላት፤ ስልኩን ቢሰጡኝ?»

«ፈተና ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም» አሉና፣ ሽሮ ጥደው እንደነበር ድንገት ትዝ አላቸው።

ስለ ዶክተር ልጇ እየተጠየቀች ሽሮ ትዝ የሚላት እናት አይቼ አላውቅም። ቅዳሜ ልጄን ይዤ፣ ሳልደውል፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ቤልትዌዩን፣ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ እስክንጨርስ ስትነጫነጭ ነበር። «ማሚ፣ ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይኬድም፤ ኢትስ ሶ ሩድ።» «ሐበሻ ቤት ነው የምንሄደው» አልኳት።

ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ሲያዩን ፈገግታቸው ዘገየ። «ኧረ እንግዳ መጣ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉ፣ ቤቱን በሚያናጋ ድምፅ። ፊታቸው ቆመን ለማን ነው የሚጮኹት? ባላቸው ሥራ እንደሆኑ ነገሩን። በሩ ሥር የወንድ ስኒከር ተቀምጧል። ባላቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ድንክዬ ሰው ናቸው፤ ሁለቱም እግራቸው አንደኛው ጫማ ውስጥ ይገባል።

ሳሎን ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ልጁ ነጭ ኮት ለብሶ የተነሳው ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ኮቱ ከማሸጊያው ገና የወጣ ይመስላል፤ የታጠፈበት መስመር ይታያል። ሻይ ቀረበልን። ልጄ ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«በጣም ጥሩ ነው፣ የኔ ልጅ። የባሕሩ አየር ብቻውን ያስጠናል። ማጥናት፣ መጸለይ፣ በቃ። ሌላ ምንም የለውም። ሂጂ፣ አትፍሪ።»

ይህን ሲሉ የቤዝመንቱ፣ የምድር ቤቱ፣ ደረጃ ሲጢጥ አለ። በሩ ተከፈተና ልጃቸው በካልሲው ብቅ አለ። ጺሙ አድጓል፤ ፊቱ ፀሐይ ካየ የቆየ ይመስላል።

«ማሚ፣ ፕሊስ። በቃ» አላቸው። «ለእሷ እንኳን አትዋሺ።»

ሴትዮዋ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቀሩ። ልጁ ልጄ ፊት ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ወድቆ ከትምህርት ቤቱ ወጥቷል። ከተመለሰ ጀምሮ የሚኖረው እታች ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መብራቱን ያጠፋል፤ የሚሠራውም ሐበሻ በማይበዛበት ሰፈር ምግብ ማድረስ ነው።

«ያንን ኮት አይተሽ እንዳትታለዪ» አላት፣ ፎቶውን በአገጩ እያሳየ። «የሚያለብሱሽ ገና እንደገባሽ ነው። ምን ያህሉ የሐኪምነት ፈቃድ የሚያሰጠውን የቦርድ ፈተና ፓስ አደረጉ ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። ቁጥሩ ያምራል፤ ለፈተናው የሚያስቀምጡት ግን መጀመሪያ ራሳቸው ያጣሩትን ነው። አብረውሽ ከሚገቡት ስንቱ እዚያ ይደርሳል በያቸው። የክሊኒካል ልምምዱን በየትኛው ሆስፒታል እንደምትሠሪም በጽሑፍ ይስጡሽ። ሌክቸሩን ብቻ አትመኚ፤ የቦርድ ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ ሥሪ። አንድ ኮርስ ከከበደሽ ደግሞ ቶሎ ተናገሪ። እኔ ዝም አልኩ። እየወደቅኩ፣ ማሚ ስልክ ላይ ‹ዶክተር› ስትለኝ አቤት እያልኩ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ምን ልበል?» አሉ እናቱ። «ሰው ሁሉ ‹የዶክተር እናት› እያለ ሲስመኝ፣ ወደቀ ልበል? የት ልግባ?»

«አንቺማ እላይ ነሽ» አላቸው።

ጥርጣሬዬ ልክ ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አፈርኩ። ሴትዮዋ አሳዘኑኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩባቸው፤ እኔ ባልመጣ ኖሮ ልጄን «አትፍሪ» ብለው ሊሸኙብኝ ነበር። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ልጁን አቅፌ ሳምኩት።

ስንመለስ ልጄ ልጁ የነገራትን ሁሉ ስልኳ ላይ ጻፈች። «ጥያቄዎቹን እልክላቸዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ካልመለሱ አልሄድም። ደህና መልስ ከሰጡኝ ግን እሄዳለሁ፣ ማሚ። አይ ስቲል ዋንት ኢት።»

«ደግ» አልኳት።

«ብወድቅስ? የት ታስቀምጪኛለሽ?»

«አፓርታማችን ቤዝመንት የለውም» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀችም። አፌን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የምታየው፤ ቃሌን ልትገዛ ወይ ልትተው እያገላበጠችው። ትምህርት ቤቱን፣ ሴትዮዋን፣ ጫማውን፣ ፎቶውን ሁሉ ስጠረጥር ከርሜ፣ ልጄ እኔን ትጠረጥራለች ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ደነገጥኩ።

«ሳሎን» አልኳት። «ሰው ሲመጣም በሩን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ።»

«አሁንማ እንደዚያ ትያለሽ» አለችኝ።

ከመንገዱ ወጥቼ ነዳጅ ማደያ ውስጥ መኪናውን አቆምኩ። ድግሱን ለምታዘጋጀው ጓደኛዬ ደወልኩና ልጄ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«አዳራሹን ተዪው» አልኳት። «ዶክተር ማለቱም ይቅር። ልጄ ከሄደች የምትሄደው ልትማር ነው። ልትወድቅም ትችላለች።»

«በስመ አብ! በገዛ ልጅሽ ታሟርቻለሽ?»

«ሟርት አይደለም። ብትወድቅ ወደ ቤቷ ትመጣለች፤ አንቺም መጥተሽ ትስሚያታለሽ። አሁን ቃል ግቢልኝ፤ እየሰማችሽ ነው።»

ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅስ ጀመር። እጇን ያዝኩት፤ አልነጠቀችኝም።