ባሌ ሲኒማ ቤት ያለቀሰ ዕለት

በዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ባሌ ፊልም ቤት ወስዶኝ አያውቅም። ባለፈው እሁድ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ «ተነሺ፣ ፊልም እንይ» ብሎ እዚሁ አሰላ መሀል ከተማ ወዳለው አዳራሽ ይዞኝ ሄደ። ፊልሙ ሚስቱ ላይ ስለወሰለተ ባል ነው። ለባለትዳር የሚመጥን ምርጫ ማለት ይሄ ነው!

በፊልሙ ውስጥ ያለው ባል ተንበርክኮ ይቅርታ ሲለምን፣ በአባቱ ቀብር እንኳ እንባ ያልወጣው የእኔው ጀግና ይንሰቀሰቅ ጀመር። ከፊታችን የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩን። በሀፍረት ሻርፔን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«አንቺ ብትሆኚ ይቅር ትዪው ነበር?» አለኝ አፍንጫውን እየጠረገ።

«አዎ ባክህ! አንተ ብቻ ዝም በል!»

እጄን ጭምቅ አደረገው። እኔ ሞኟ፣ ከልበ ድንጋይ ወንዶች መሀል እንዲህ አንጀቱ የሚባባ ባል ስለሰጠኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ጎረቤቶቼ ባዩልኝ ብዬም ተመኘሁ።

ፊልሙ አልቆ ስንወጣ፣ በር ላይ የቆመችው ትኬት ቆራጭ ባሌን አይታ ፈገግ አለች።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ደግሞ እህትህን ይዘህ መጣህ? ባለቤትህ ትናንት እያለቀሰች ነበር የወጣችው፤ ተሻላት?»