ከፊት የነበረ ከፊት ነው

የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ግድግዳዬ ላይ ቀይ ቀለም የቀቡ ቀን፣ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ግድግዳ አልነበረም። ዘወር ብዬ ከጀርባዬ ያለውን ቤት አየሁ። ምንም አልነኩትም። እንደ ሙሽራ ንጹሕ ሆኖ ቆሟል።

ያ ቤት የጣውንቴ ነው። ባላችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ እኔን አስፋልቱ ዳር፣ እሷን ከኔ ኋላ አድርጎ በአንድ ግቢ አኖረን። ፊተኛዋ ሚስት ከፊት፣ ኋለኛዋ ከኋላ፤ ደንቡ ይኸው ነው። ወደ እሷ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ በኔ በረንዳ ማለፍ ነበረበት። በሽተኛ ጠያቂም ይሁን ሰርግ ጠሪ መጀመሪያ እኔን ሰላም ይላል፤ እኔ "ግቡ" ስል ይገባል። ከጨፋ በባጃጅ የሚመጣልኝን ወተት እርጎ አድርጌ ለመንገደኛ የምሸጠውም እዚያችው በረንዳ ላይ ነበር። እሷ ወጣት ናት፣ ቆንጆ ናት፤ ባላችንም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሲስቅ የሚያመሸው እዚያ ኋላ ነበር። በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር። "ይሳቅ፣ መንገዱ የኔ ነው" እያልኩ ነው የኖርኩት።

አሁን ደግሞ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። የኔ ቤት ፈርሶ አስፋልት ሊሆን፣ የእሷ ሳትለፋ ሳትደክም ከከተማው ፊት ሊወጣ! ቤት መፍረሱስ ይሁን፤ ሰው ቤቱ ይፈርስበታል፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ ሌላ ይሠራል። የእሷ ወደ ፊት መውጣት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጠዋት ደጃፏን ስትጠርግ ባየኋት ቁጥር "ከአሁኑ ለመንገደኛ እየተለማመደች ነው" እላለሁ። ዕድሜ ልኳን ደጃፏን ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት እኮ።

ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪውን ለስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እንደ አገራችን ወግ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ዱዓ አደረጉ። "አላህ ጎረቤትን ከጎረቤት አይለይ፣ ምቀኝነትን ከመሀላችን ያውጣ" ሲሉ እጄን ዘርግቼ ከሁሉም ጮክ ብዬ "አሚን" አልኩ። ጣውንቴ አጠገቤ ነች። ምን ላድርግ፣ ሰው መሀል ከኔ ሌላ አጠገብ አትቀመጥም።

ኃላፊው የፕላኑን ሥዕል አሳዩን። ሰፊ መንገድ፣ ዘንባባ፣ ቦርከና ዳር መናፈሻ፣ ነጫጭ አግዳሚ ወንበር። ወንዙ ሰማያዊ ሆኖ እስከ ጠርዙ ሞልቷል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ገበሬ "ይሄ ቦርከና ነው ወይስ ቀይ ባሕር?" ቢል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ጥያቄው ይወርድ ጀመር። ክረምት ከተራራው የሚመጣው ጎርፍ በየት ይሂድ? ምትክ ቦታው የሚሰጠን ከማፍረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የመስጊዱ አጥርስ? አንዱ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ ሌላው በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ይቆጣል። ሁሉም የሚለው ግን ያው ነው፤ መንገዱ ትንሽ ጠበብ ይበል።

እኔም ተነሳሁ።

"መንገድ ከተባለ መንገድ ይሁን" አልኩ። "ግማሽ ልማት ምን ያደርጋል? የፊቱን አፍርሶ የኋላውን መተው ምን የሚሉት ነው? መንገዱ ለምን ወደ ውስጥ ገባ አይልም?"

የኃላፊው ፊት በራ። "ልማት የገባት እናት ማለት እንዲህ ነው! አጨብጭቡላት!" አሉ። ያጨበጨቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሰፈሬ ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ለካ መንገዱ ገባ ሲል የጣውንቴን ቤት ብቻ ይዞ አይደለም የሚገባው፤ የሰፈሩን የኋላ ቤት በሙሉ ጠርጎ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። በኔ ዓይን ከአስፋልቱ ኋላ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነበር።

"እማ፣ ምን በደልንሽ?" አለኝ ጎረቤቴ፣ ሥጋ ሻጩ። ሌላው "ዱጋ ነው፣ እውነቱን ነው፣ ምን በደልናት?" ብሎ ተቀበለው። አዳራሹ ተንጫጫ።

ያኔ ጣውንቴ ተነሳች። በስብሰባ ላይ ትንፍሽ ብላ የማታውቅ ሴት፣ ሻሿን እያስተካከለች ተነሳች።

"አፉ በሉኝ" አለች። "እታለም መንገዱ ይስፋ ማለታቸው አይደለም። ብቻዬን አልነሳም፣ ከጣውንቴ አልለይም ማለታቸው ነው። ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ቤቴ ወደ አስፋልቱ ከወጣ የፊቱ ክፍል የእሳቸው ነው፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ወላሂ፣ ከፊት የነበረ ከፊት ነው።"

አሁን አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ዱዓ ያደረጉት ሽማግሌ "ገለቶሚ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ" ብለው መረቋት። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔንም "ለካ ለጣውንትሽ ብለሽ ነው!" እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እሷ ስትቀመጥ ዓይኗን አየሁት። ምን ማለቴ እንደነበር አሳምራ ታውቃለች።

መንገዱ በቀይ ቀለሙ ልክ ሰፋ፣ ቤቴም ፈረሰ። የጎርፉ ነገር እስከ ዛሬ "እየታየ ነው"። እሷ ግን ቃሏን አላጠፈችም። የፊቱን ክፍል ኖራ ቀብታ፣ በሩን ወደ አስፋልቱ አስከፍታ አስረከበችኝና አልጋዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እንግዲህ ዛሬም ከፊት ነኝ። ወደ እሷ የሚሄድ ሁሉ ዛሬም በኔ በኩል ያልፋል። እርጎዬም ከድሮው ይልቅ ይሸጣል፤ ሰፊ መንገድ ለመኪና መቆሚያ ይመቻል።

ግን የሚመጣው ሁሉ እኔን ሰላም ካለ በኋላ አንገቱን ወደ ውስጥ ያሰግጋል። "ያቺ ደግ ሴትስ አለች?" እርጎ ሊጠጣ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ሳይቀር ወሬዋን ሰምቶ ኖሮ ሊያያት ይፈልጋል። "ኋላ ናት፣ ግቡ" እላለሁ። ከዚያ እርጎዬን እየቀዳሁ፣ በግድግዳው በኩል ሳቃቸውን እሰማለሁ።