የሽመና ቤቱን ካሴት ይዤ ወደ ቤቴል

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ማውራትም አፍራለሁ። ጎረቤቴ ግን «ለእኔ እንደነገርሽኝ ጻፊው፣ ገጼ ላይ አወጣዋለሁ» ስላለችኝ የትናንት መንገዴን ልንገራችሁ። ሩቅ አይደለም፤ ከቀራንዮ ቤቴል ደርሶ መልስ ነው።

ንጋት፣ ቀራንዮ

ስወጣ አባባ ተኝተዋል። አዲሱ ሕንጻ ሥር ሰዎች ሲሚንቶ ያራግፋሉ፤ መንገዱ ጭቃና አሸዋ ነው። በነጠላ ጠቅልዬ የያዝኩት የአባባን ቴፕ ነው። ከመርካቶ ያገለገለ ሲገዙት አንድ ካሴት ውስጡ ነበር፤ ሽፋን የለው፣ ስም የለው። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ይደልቃል፣ አንድ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይማረራል። አባባ ሸማኔ ናቸው፤ ከበሮው ለእግራቸው ተመቻቸው። እኔም ጉርምስናዬን በሙሉ ደጃፍ ላይ ጥጥ እየፈተልኩ ያንኑ ሰማሁ። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ መመለስ የእኔ ሥራ ነበር።

እኛ ቤት ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሴት አትገባም። እኔ ግን አባባ ሲታመሙ በሩን ዘግቼ፣ ካሴቱን ከፍቼ፣ በከበሮው ምት መርገጫውን እየረገጥኩ ነጠላ ሸመንኩ። አይተው «እጅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ፤ «ግን ሴት ሸማኔ የት አየሽ?»

አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። የሽመና ዕቃውን የሚገዛ ሰው በማግስቱ ሊመጣ ነበር። «ለእኔ ይስጡኝ» ማለት አቃተኝ። ቴፑም መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ዕቃው ሳይሄድ አንዴ አብረን እንስማው ብዬ ነው የወጣሁት።

አየር ጤና

የቤቴል ታክሲ ውስጥ ነኝ። ወያላው ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል አየና «እህት፣ ሕፃኑ ሒሳብ የለበትም፤ እንዳያለቅስብን ብቻ!» አለ። ሰው ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን የነጠላውን ጥለት በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማነው የሸመነው? እንዴት ቀጥ ብሏል!»

«እኔ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ደገምኩት። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ተይ እንጂ!»

«ማዘር፣ ምን ይገርምዎታል?» አለ ወያላው። «ነገ ይሄንንም ታክሲ ትነዳዋለች።»

እስክወርድ ድረስ ጆሮዬ ይግል ነበር፤ ግን በእፍረት ብቻ አልነበረም።

ቤቴል

ቴፕ የሚጠግኑት ጋሽ ከድር ከአንድ ካፌ ጎን ያለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በሞባይል ሽፋኖች መሀል ተቀምጠዋል። ቴፑን ፈቱትና ካሴቱን የሚያዞረውን የላላ ላስቲክ አውጥተው ጣሉ። አዲስ አስገብተው መብራት ላይ ሰኩት። ካሴቱ ጮኸ። ጊታሩ ያው ነው፤ ግን ይሮጣል።

«ጋሼ፣ ፈጠነ! አበላሹት!»

«አሁን ነው የተስተካከለው። ሮክ ነው፣ ልጄ፤ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሥራ። እናንተ በላላ ላስቲክና በደከመ ባትሪ ስትጎትቱት ኖራችሁ።»

«ሰውዬውስ የት ሄደ?»

«የትኛው ሰውዬ? ሴት እኮ ናት! ሲጎተት ነው ድምጿ የወፈረው።»

ጠጋ ብዬ ሰማሁ። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ያ ጎርናና ድምፅ ቀጥ ያለ፣ ማንንም የማይፈራ የሴት ጩኸት ሆኗል። ያን ሁሉ ዘመን አባባም እኔም የረገጥነው እሷ እየመራችን ነው። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

መልስ

በመንገድ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ገዛሁ። አባባ ሽመና ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ዕቃውን ለገዢው ያጸዳሉ። ቴፑን አጠገባቸው አስቀምጬ ከፈትኩት።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ያው ካሴታችን ነው፣ አባባ።»

«ሰውዬው ምን ሆነ?»

«ሰውዬ አይደለም። ሴት ናት። ያኔም ሴት ነበረች።» ትንፋሼን ሰብሰብ አደረግሁ። «ዕቃውን አይሽጡት። እኔ እሠራበታለሁ።»

አባባ እጃቸውን ከዕቃው ላይ አነሱ። አቀርቅረው ሰሙ፤ የታመመው እግራቸው መሬቱን ይመታል። አንዱ ገጽ አልቆ ቴፑ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ቆሜ ጠበቅኩ። አባባ ስልካቸውን አውጥተው ገዢው ጋ ደወሉና «ይቅር፣ ባለቤት አግኝቷል» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ቆመሻል? ካሴቱን ገልብጪና ጉድጓዱ ውስጥ ግቢ።»