አባዬና የሩኬ ወይን

ባለፈው እሁድ ልጄ ሳባ እዚህ ጀርመን አገር፣ ኖርድኤንድ በሚባል ሰፈር ያለው ቤቷ ምሳ ጠርታኝ፣ ሩኬ የሚባል፣ ጣሊያኖች እንኳ ብዙዎቹ የማያውቁት ቀይ ወይን ከፈተችና የጠርሙሱን ጀርባ እያነበበች «ጽጌረዳ ይሸታል ይላል፤ እማዬ ቅመሽው፤ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ እንዳለው ሰው ፊትሽን አታኮሳትሪብኝ» አለችኝ።

ጽጌረዳስ ይሸታል፤ የትኛው ጽጌረዳ ነው ጥያቄው። የሽቶው አይደለም፤ ረግፎ መሬት ላይ ያደረ፣ ጤዛ የነካው፣ ጠርዙ መጥቆር የጀመረው ነው። ከሥሩ አሁን የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ አለ፣ ከዚያ ጥቂት ቅርንፉድ። ቀለሙ ሳሳ ስለሚል ሰው ለስላሳ ይመስለዋል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ወፍራም ሻይ ምላስን ጨምድዶ ይይዛል፣ ከተዋጠም በኋላ የብርቱካን ልጣጭ ምሬት ትቶ ይሄዳል። ብርጭቆውን አስቀመጥኩት።

«ሽሜክትስ ኒሽት? አልጣመሽም?» አለች።

«ጥሞኛል» አልኳት፤ የቀረውን አልነገርኳትም።

ድሬዳዋ ከዚራ፣ የኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አባዬ የአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ግሮሰሪ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ሽማግሌው ከትውልድ መንደራቸው በጅቡቲ በኩል በባቡር የሚያስመጡት፣ ለገበያ የማያወጡት ሩኬ ነበራቸው፤ ከጠርሙሱ ግርጌ የሚቀረውን ለአባዬ ይተዉለት ነበር። እኔ ደረቴ ደካማ ስለነበር ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ የመጀመሪያው ትምህርቴ ያ ወይን ሆነ። አባዬ ብርጭቆውን በመዳፉ ከድኖ ያዞርና ዓይኔን አስጨፍኖ አፍንጫዬ ሥር ይከፍተዋል።

«አቦ፣ ልጅቷን ሰካራም ልታደርጋት ነው!» ትላለች እናቴ።

«ምን ትጠጣለች፣ ታሸታለች እንጂ» ይላል።

«ጥሩ ይሸታል» ያልኩ እንደሆነ ይቆጣኛል። «ጥሩ የሚባል ሽታ የለም። ያለውን ንገሪኝ።»

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ወሰዱት። በዚያ ዘመን እስረኛ ማየት አይፈቀድም ነበር፤ ቤተሰብ ምግብና ንጹሕ ልብስ እስር ቤቱ በር ላይ ያስረክባል፣ የቆሸሸው ልብስ ይወጣለታል፤ የቆሸሸ ልብስ ከወጣ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። እናቴ ግን ልብስ ብቻውን አላመነችም። ሸሚዙን ሳታጥበው በፊት ለእኔ ትሰጠኛለች።

«ላብ፣ ትንባሆ፣ እርጥብ ሲሚንቶ» እላለሁ።

«እሱስ?»

«አለ።»

ሳሙና የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ያው ሸሚዝ መጣ፤ ክርኑ ላይ እናቴ በእጇ የሰፋችው አለ። አሸተትኩት። ላብ ነበረ፣ ሲሚንቶ ነበረ፣ የቁስል ቅባት ነበረ።

«እሱስ?» አለች።

«የለም። ሌላ ሰው ነው የለበሰው።»

በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም። ከዚያ ሸሚዙን ነጥቃኝ ፊቷን ቀበረችበት፤ እንደዚያ እንዳለች ቆየች፣ ቆየች፣ በመጨረሻ ቀና አለች። «ሳሙናውን አምጪልኝ» አለች። አጠበችው፣ ተኮሰችው፣ በማግስቱም ከምሳው ጋር አጥፋ ያዘችው።

«እማዬ፣ ለማን ነው?»

«ለለበሰው።»

እንዲህ አድርጋ ያንን የማናውቀውን ሰው ስትመግብ፣ ሸሚዙንም እያጠበች ስትልክለት ከረመች፤ አንድ ቀን ምግቡ እንዳለ፣ ክዳኑ ሳይነሳ ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጮኻ አለቀሰች። ጎረቤቶቹ የአባዬን መርዶ የሰማች መስሏቸው ከበው አለቀሱላት፤ የሁለት ሰው ልቅሶ መሆኑን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። አባዬ የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ የነገረን የለም፤ የዚያ ሰው ቤተሰብም ማን አብልቶት እንደሞተ አያውቅም።

ዛሬ አባዬን ላስታውስ ስል ትንባሆው ይመጣል፣ ወይኑ ይመጣል፣ እሱ ራሱ ግን አይመጣም። መቼ እንደጠፋብኝ አላውቅም። የዚያ የሌላው ሰው ሽታ ግን አሁንም አልለቀቀኝም፤ ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ።