ተመችቷት ወፈረች አሉ

የተሰደደ ሰው ሁሉ «በሌሊት ወጣሁ» ብሎ ይጀምራል። እኔ በሌሊት አልወጣሁም። ከባሕር ዳር የወጣሁት ቅዳሜ ረፋድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘንቢል አንጠልጥዬ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ደህና ዋሉ እያልሁ ነው። ሐሙሲት ከተማ ለቅሶ ልደርስ ብዬ ከቀበሌ የሦስት ቀን ይለፍ ወረቀት አውጥቻለሁ። የሞተ ዘመድ ግን አልነበረኝም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እንዳናለቅስ ተማምለን ነበርና እናቴ ከሱቋ ቀና ሳትል ጨርቅ ትለካ ነበር። አንዱን ጣቃ ሦስት ጊዜ ስትለካ አይቻታለሁ። ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ብቻ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ።

ለምን እንደወጣሁ ታውቃላችሁ፤ ግን ልንገራችሁ። ባሌን ኑሩን «ዕቃ ደብቀሃል» ብለው ከወሰዱት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። የት እንዳለ የሚነግረኝ ጠፋ። እኔን ደግሞ በየማለዳው ቀበሌ ይጠሩኛል፤ አግዳሚ ላይ ያስቀምጡኝና ይረሱኛል። አይመቱኝም፣ አይሰድቡኝም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ነገ ነይ» ይሉኛል። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። የጂፕ በር ጓ ባለ ቁጥር ልቤ ይደልቃል፣ እግሬ ሩጪ ሩጪ ይለኛል፤ እኔ ግን ቁጭ። ወዴት ይሮጣል?

ከሐሙሲት ወዲያ ያለውን መንገድ አላወራም፤ ዛሬም የሚሄዱበት አሉ። ገዳሪፍ ስገባ አጥንቴ ይቆጠር ነበር፤ ይህን ያዙልኝ። ከዚያ በጭነት መኪና ካርቱም ደረስሁ። ሰው ሁሉ እዚህ መጥቶ ዓባይን ሲያይ ያለቅሳል። እኔ ተናደድሁበት። እሱን ማን ይለፍ ወረቀት ጠየቀው!

ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ የኛ ሚያዝያ እዚህ ብርድ ነው። ኪስራ የሚሉት እንጀራ መሳይ አላቸው፤ ዓይን የለውም፣ ስስ፣ እንደ ወረቀት። ዓሣቸው ጭቃ ጭቃ ይለኛል፤ ጠዋት ከጣና ወጥቶ ቀትር ላይ የሚጠበሰውን የለመደ አፍ ምን ይደረግ? ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው፤ ሰላምታቸው ብቻውን ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ክፉው ከሻው ነው። ከሻ ማለት ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ እያፈሱ መኪና ላይ መጫን ነው። ሰው ቤት ወለል ሳጥብ ውዬ ስመለስ በየቅያሱ ጆሮዬን አቆማለሁ። የመኪና በር ጓ ሲል ያችው ልቤ፣ ያው እግሬ። አገር ለወጥሁ እንጂ ምኑንም አልለወጥሁትም። እንቅልፌም ተሰዶ የት እንደቀረ እንጃለት።

መወፈር የጀመርሁት ያኔ ነው። እህል የምቀምሰው በቀን አንዴ ነው፤ ቀሪውን ስኳር በበዛበት ሻይ አታልለዋለሁ። ሆዴ ተነፋ፣ ፊቴ ክብ ሆነ፣ ማጅራቴ ላይ ሥጋ ተከመረ። ክንዴና እግሬ ግን ቀጭን እንደሆኑ ቀሩ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ትንሽ ነገር ከነካኝ ቆዳዬ ይበልዛል። ቤት ያከራየችኝ ሐጃ አንድ ወር ስታየኝ፣ ሁለት ወር ስታየኝ ቆየችና የወጥ ድስቷን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «ልጄ፣ አላህ ሌባን አይወድም» ትለኛለች፤ ከዚያ ደግሞ አዝና ሻይ ትቀዳልኛለች። ከነስኳሩ።

ለስደተኛ ዱቄት የሚሰጥ ቢሮ አለ ሲሉኝ ሄድሁ። ግማሽ ቀን ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ።

«ስደተኛዋ የት አለች?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

«አንቺማ ስደተኛዋን የበላሻት ትመስያለሽ።»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ዱቄቱን ከኋላዬ ለነበረው ሰው ሰጠው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ለዒድ ከሐጃ ቶብ የሚሉትን የሴት መጎናጸፊያ ተውሼ ፎቶ ተነሣሁና በመንገደኛ እጅ ለእናቴ ላክሁላት። በኛ አገር «ወፈርሽ» ማለት «አማረብሽ፣ አለፈልሽ» ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። መልሱ በሰዓዳ እጅ ተጽፎ መጣ። ጎረቤት ሁሉ ፎቶዬን እየተቀባበለ «ተመችቷታል» ብሎኛል፤ እናቴም ዓመት ሙሉ ያላየችውን እንቅልፍ ተኝታለች። እንዴት ብዬ ልንገራት? «አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቶኛል» ብዬ ጻፍሁ። እውነቱን ለመናገር ውሸቱ ለራሴም ጣፈጠኝ። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ዓመት ሙሉ ጻፍሁት።

ከዚያ አንድ ቀን ባልዲ እንደያዝሁ ወደቅሁ። ከዚያ በፊት ጥሙ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር፤ እንስራ ውኃ ብጠጣ አልረካም። አሠሪዎቼ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ሸምገል ያለ ሱዳናዊ ነው፤ ፊቴን አየ፣ ሆዴን አየ፣ ክንዴን ለካ፣ ደሜንም መረመረ። ስኳርና ደም ግፊት አገኘብኝ። ዕባጭ እንዳለብኝም ፈልጎ አጣ። ከዚያ ስለ ምግቤ ሳይሆን ስለ ኑሮዬ ጠየቀኝ። ስለ አግዳሚውም ስለ ከሻውም ነገርሁት። ሰምቶ ሲያበቃ በቀስታ አስረዳኝ።

«ከኩላሊትሽ በላይ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። ስትፈሪ ኮርቲዞል የሚባል ነገር ደምሽ ውስጥ ይለቃሉ። እሱም ጉበትሽን፣ ሴትዮዋ ልትሮጥ ነውና ስንቅ አውጣላት ይለዋል። ጉበትሽም ስኳር ያወጣል። አንቺ ግን አትሮጪም፣ ትቀመጫለሽ። ስንቁ ተመልሶ ሆድሽ ላይ ይከመራል።»

ለአንድ ቀን ድንጋጤ ቢሆን ደግ ነገር ነው፣ ከጅብ ያስመልጣል አለኝ። ዓመታት ሲዘልቅ ግን የክንድንና የእግርን ሥጋ እያፈረሰ ስኳር ያደርገዋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። ሁሉም በፍርሃት የመጣ ነው እንዳልልሽ፣ ሻዩም እንቅልፍ ማጣቱም ድርሻ አላቸው አለ። ኪኒን ጻፈልኝ፤ ፍርሃቱን የሚነቅል ግን የለኝም አለ። ማታ ማታ በእግርሽ ዘወር ዘወር በይ ብሎ መከረኝ። ከሻ ባለበት ከተማ! ሐኪም ሁሉ ወረቀት ያለው ሰው ነው።

ኪኒኔን ይዤ ስገባ ደብዳቤ ቆየኝ። እንደ ሁልጊዜው ሰዓዳ ናት የጻፈችው፣ ቃሉ ግን የእናቴ ነው። «አንቺ ካለፈልሽ እህትሽ ለምን እዚህ ትቀራለች? በሚቀጥለው ወር ወዳንቺ እንሰዳታለን» ይላል።  ልጅቱን በዚያ መንገድ የሚያስመጣት የኔ ሆድ ነው፣ የኔ ፎቶ ነው። የመንገዱን ነገር ለእናቴ ጽፌላት አላውቅም። በመንገድ ከኔ ጋር ከነበሩት ሴቶች ሁለቱ ገዳሪፍ አልደረሱም።

እናቴ ባሕር ዳር ቴሌ መጥታ እንድትጠብቀኝ ቴሌግራም ላክሁና በቀጠሮው ቀን ደወልሁ። ያገኘሁት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ስልኩን የሚሰማ እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

«እማየ፣ ያ ውፍረት በሽታ ነው። ታምሜያለሁ።»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጎሽ ልጄ፣ እንዲያ በይ። ለሰው ሁሉ ታምሜያለሁ በይ፤ ዓይን አለ።»

ምን እንዳለችኝ ገብቷችኋል። ሱቁ ሲደራ «ገበያ ሞቷል» በይ ብላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያገኘ ሰው አገኘሁ አይልም። በአላህ ስም ማልሁላት። ይልቁን ደስ አላትና ብልህ ሆንሽ ብላ መረቀችኝ። ሰዓዳን ስጭኝ አልኋት።

«እትየ» አለች ሰዓዳ።  

«አትምጪ፣ እውነቴን ነው» አልኋት። «ይኸ ውፍረት የድንጋጤ ነው። ሐኪም ነግሮኛል።»

«እትየ፣ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ። በየማለዳው ነው የምጠራው። እህል አልበላም፤ ቀሚሴ ግን ወገቤ ላይ አልዘጋ አለኝ። ልቤም ያለ ነገሩ ይመታል።» ደቂቃው እንዳያልቅባት ቸኮለች። «ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። አንቺ በይኝ።»

ቅሪ ልላት ነበር የደወልሁት። ቅሪም ነይም ሳልላት ስልኩ ተቋረጠ።