ሳሙና የተቀባው ክዳን

ቤንዚን በሸተተኝ ቁጥር ግራ ጉንጬ ይግላል። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከሰበታ መርካቶ ውይይት ይነዳ ነበር፤ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ተገጥሞላት ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚሄድባት መኪና ነበረች። በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ የምወለውላት እኔ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጋቢና ከአባቴ ጎን ተቀምጬ፣ እጄን በመስኮት አውጥቼ ነፋስ እየጨበጥኩ፣ መርካቶ ደርሼ እመለስ ነበር። ከዚያ ወንበር የሚበልጥብኝ ነገር አልነበረም።

በበጋ ፀሐዩ ሲበረታ ቤንዚኑ እየተነነ በነዳጁ ክዳን ቀዳዳ ስለሚወጣ፣ ተሳፋሪ ሴቶቹ አባቴን፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አድርገው «ኦቦ ጉተማ፣ ሊያደርሱን ነው ወይስ ሊለኩሱን?» ይሉት ነበር። መኪናዋን የሚጠግናት የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ ቶሎሳ፣ አንድ ቀን እጁን እየጠረገ «ጨርሼዋለሁ» አለ፤ ሽታውም ጠፋ። ምን እንዳደረገ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱን መጠየቅ ድፍረት ነበር።

ክረምት ሲገባ መኪናዋ ዳገት ላይ እየታፈነች ትቆም ጀመር። አባቴ በዝናብ ወርዶ የነዳጁን ክዳን ሲከፍት አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ «እስስስ» ይል ነበር፤ ከዚያ መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ሦስት ቅዳሜ ይህን ሰምቼ ለጋሼ ቶሎሳ «ክዳኑ ነው፣ መተንፈሻ አጥታለች» ብዬ ብነግረው፣ «አንቺ ደግሞ መቼ ነው ጺም ያበቀልሽው?» ብሎ ግራ ጉንጬን በጥፊ አጮለው።

በሳምንቱ አባቴን ለብቻው ጠርቶ «ነዳጁ ውስጥ ስኳር ጨምራበታለች፤ ከመኪናዋ የማትለየው እሷ ናት» ሲለው በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። ታንኩን አጥቤ ስኳሩን አወጣሁ አለ፣ መኪናዋም ዳነች፤ እሷ ስለዳነችም እኔ ጥፋተኛ ሆንኩ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ የጋቢናውን በር ከውስጥ ቆለፈው። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም፤ «አንቺ እዚሁ ቆዪ» ብቻ አለኝ። እስኪሞት ድረስ ከጎኑ አላስቀመጠኝም።

ሙያውን በእልህ ተምሬ ዓለም ገና ከተማ ጋራዥ ከፈትኩ። ባለፈው ሰኔ ጋሼ ቶሎሳ በከዘራ ተደግፎ ከልጁ ጋር መጣ፤ የልጁ መኪና ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት አልጠፋ ብሏቸው ሦስት ጋራዥ ዞረዋል። ኮምፒውተሩ የነዳጁ ትነት የሚያመልጥበት ቦታ እንዳለ ነገረን፣ ቦታውን ግን አልነገረንም፤ በትነቱ ቱቦ ጭስ ስንነፋበት ጭሱ በነዳጁ ክዳን ዙሪያ ቡልቅ አለ። ክዳኑን ብከፍተው ማሸጊያ ጎማው ተሰንጥቋል፣ በላዩም የደረቀ ሳሙና ተለስኖበታል።

«ይህን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ጋሼ ቶሎሳ ደረቱን ነፍቶ። «የአባትሽንስ እንዲሁ አልነበር የደፈንኩለት? ቀዳዳዋን በሳሙና ድርግም! ኋላ መኪናዋ ስትታፈን ጊዜ ራሴው ፍቄ አወጣሁት።»

ልጁ ሳቀ።

«ስኳሩስ፣ ጋሼ?»

«የምን ስኳር?»

ሠራተኞቼ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ነገርኩት። ከዘራውን እያየ «ልጅነት ነበር» አለ።

«ልጅ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «እርስዎማ ጺም አብቅለው ነበር።»

አዲስ ክዳን ገጥሜ፣ መብራቱን አጥፍቼ ሸኘኋቸው። አሮጌውን አልመለስኩለትም። ጋራዤ በር ላይ ከነሳሙናው በሽቦ ሰቅዬዋለሁ፤ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ ስሙን ጠርቼ እነግረዋለሁ። ይቅር በይው የሚሉኝ አሉ። እነሱን ጥፊው አልነካቸውም።

የዛሬ መኪና ክዳኗ ሲያፈስ መብራት ታበራለች፣ ባለቤቱም አምኗት ጋራዥ ለጋራዥ ይዞርላታል። የአባቴ መኪና መብራት አልነበራትም፤ የምናገርላት እኔ ነበርኩ። አሁን የራሴን መኪና እነዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀምጥበትም።