ማይነስ የተከለከለበት ስብሰባ

ቃሊቲ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና በሚያመርት ፋብሪካ ኬሚስት ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ ሥራ አስኪያጃችን ቢሾፍቱ ሄዶ የአዎንታዊ አስተሳሰብ ሥልጠና ወስዶ መጣ። ሐይቁ ዳር ምን አብልተው እንደላኩት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን "ችግር" የሚባል ቃል ከግቢያችን ጠፋ፤ የተበላሸ ማሽን "ዕድል" ሆነ፣ የጠፋ ውሃ "የመማሪያ አጋጣሚ" ተባለ። ፊቱ ስቀርብ እርስዎ እለው ነበር። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እሱ ብዬዋለሁ።

ሳሙናውን ለመሥራት መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ኮስቲክ ውሃ ሲያገኝ እሳት ሳይነድበት ይግላል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ከወሎ የመጡ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አንድ እናት ነበሩ። የፕላስቲክ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብለው ከአንዱ ከረጢት ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ በእንጨት ያማስላሉ፣ በረድ እስኪል ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ይጨምራሉ። አስኪያጁን ያንገበገበው ይህ መጠበቅ ነው። ሁለት ከረጢት ባንዴ ይገልበጥ አለ። እኔን ደግሞ "በሳይንስ አስደግፊልኝ" ብሎ አዘዘኝ።

ሒሳቡ ማንም ፕሪፓራቶሪ የተማረ የሚሠራው ነው። የኮስቲኩን ክብደት ወደ ሞል መቀየር፣ አንድ ሞል ሲሟሟ በሚለቀው ሙቀት ማባዛት፣ ከዚያ ያ ሙቀት በርሜሉ ውስጥ ያለውን ድብልቅ በስንት ዲግሪ እንደሚያሞቀው ማስላት። ሁለቱ ከረጢት ሃምሳ ኪሎ ኮስቲክ፣ መቶ ሊትር ውሃ፦ ማይነስ ሃምሳ አምስት ሺህ ኪሎ ጁል ገደማ መጣ። ጠዋት ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሊፈላ ነው ማለት ነው። ሲፈላ ይፈናጠራል፤ የሚፈናጠረው ደግሞ ቆዳ የሚበላ ነገር ነው፤ ከበርሜሉ በላይ ያለው የእሳቸው ፊት ነው።

ይህንኑ ስብሰባ ላይ በስላይድ አቀረብኩ። አስኪያጁ ቁጥሩን ዘሎ ጭረቷን አያት።

"ይቺ ማይነስ ምንድን ናት?"

"ሙቀት እንደሚለቀቅ የምታሳይ ናት።"

"ኔጌቲቭ ነገር እኔ ስብሰባ ላይ አልፈልግም። ፕላስ አድርጊያት።"

የፋይናንስ ኃላፊው ሊያስታርቀን ገባ። "ማይነስ ከሆነማ ሙቀቱ ቀነሰ ማለት አይደል እንዴ? ይቀዘቅዛል። ምን ያስፈራል?" ጉባኤው በሙሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ትዕግሥቴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ቢሆንም በታክሲ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሚኒባስ ቃሊቲ ሲደርስ ተሳፋሪ ያራግፋል፤ ለታክሲው ማይነስ ነው፣ ለመንገዱ ግን ፕላስ ነው። ኮስቲኩ ታክሲው ነው፤ ሙቀቱን የሚያራግፈው ውሃው ላይ ነው።

"እሺ፣ እኛ ታክሲው ነን መንገዱ?" አለ አስኪያጁ።

"እርስዎ ሁለቱንም አይደሉም። እርስዎ ቢሮ ነዎት። በርሜሉ ላይ የሚጎነበሱት እሳቸው ናቸው።"

"ኔጌቲቭ ሆነሻል" አለኝ። ነገ ሁለት ከረጢት እንዲገለበጥ ሊወስን ብዕሩን አነሳ።

ተነስቼ ወደ ላብራቶሪ ሄድኩ። ሃምሳ ግራም ኮስቲክ፣ መቶ ሚሊ ሊትር ውሃና አንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዤ መጣሁ፤ መጠኑ ቢያንስም ምጣኔው ያው ነው። ጓንትና መነጽሬን አድርጌ፣ እነሱን ፈቀቅ አስብዬ፣ አዲሱ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ አሟሟሁት። ጠረጴዛው ገና ሽታው ያልለቀቀው፣ አስኪያጁ በእጁ መዳፍ የሚዳብሰው ነበር። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ጭጋግ ለበሰ። ቀጥሎ ወገቡ ተጨማደደ፤ ከዚያ ዘመም ብሎ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ቫርኒሹ እዚያው ፊታቸው ተላጠ።

"ጠረጴዛው!" ብሎ ጮኸ አስኪያጁ። በዚያ ስብሰባ ላይ ከአንጀቱ ሲናገር የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው።

ውሳኔው ወዲያው ተቀለበሰ። ቃለ ጉባኤው "በድርጅቱ ንብረት ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ለመከላከል ሲባል በአንድ ከረጢት እንዲቀጥል" ይላል። ሰው የሚል ቃል ባገኝ ብዬ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ የለም። እኔም ንብረት በማበላሸት ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ማስጠንቀቂያው ግድ አልሰጠኝም፤ ያ የጎደለው ቃል ግን ዛሬም ያናድደኛል።

ወደ ማምረቻው ወርጄ ለእኚያ እናት ነገርኳቸው። "በአንድ ከረጢት ይቀጥላል፣ እማዬ።"

"አልሐምዱሊላህ! አየሽ ልጄ፣ ለካ ለእኛም ያስባሉ።"

ልዋሻቸው አልፈለግኩም። "ለእርስዎ አይደለም። ጠረጴዛ ተበላሽቶባቸው ነው።"

ማማሰያውን ከበርሜሉ አወጡና ጠርዙ ላይ አራገፉት።

"ይሁን" አሉ። "ጠረጴዛውን አላህ ያኑርልን።"